ጠይቁ፣ ጠይቃችሁም አጠገቡ ቆዩ

የተከበራችሁ አድማጮች፤

ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ብዙዎቻችን ስሙን እንኳ ጮክ ብለን ለመጥራት የምንፈራው ነው። ራስን ማጥፋት የሚለው ቃል በተነሳበት ሁሉ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ዓይን መሬት መሬት ያያል፣ ወሬውም ቶሎ ብሎ ወደ ሌላ ይዞራል። እኔም በዚህ ፍርሃት ውስጥ ነበርኩና ንግግሬን የምጀምረው ከራሴ ነው።

በሙያዬ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነኝ፤ አሁን የምነግራችሁ ነገር የሆነው ግን ወደዚህ ሙያ ከመግባቴ በፊት፣ በመምህርነት በማገለግልበት ዘመን ነው። አንድ ምሽት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከሁለት ዓመት በፊት ተውሶኝ የነበረውን መዝገበ ቃላት ሊመልስልኝ ወደ ቤቴ መጣ። መጽሐፉ በጋዜጣ ተጠቅልሏል፤ ስሰጠው ተገንጥሎ የነበረው ሽፋኑ በጥንቃቄ ተለጥፏል። ግባ ብለው አልገባም አለ። በር ላይ እንደቆመ «የሰው ዕቃ እጄ ላይ እንዳይቀር ብዬ ነው» አለኝና ትንሽ ዝም ብሎ «በጣም ደክሞኛል» ሲል ጨመረ። እኔም «ማን ያልደከመ አለ፤ በጊዜ ግባና ተኛ» ብዬ ሸኘሁት። በሩን ስዘጋ አንድ ነገር ቅር ብሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ምን ብዬ እንደምጠይቀው ስለማላውቅ ቅሬታዬን ዋጥ አድርጌ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በማግስቱ ሌላዋ ባልደረባችን ሁለቱ ብቻቸውን የሚሆኑበትን ሰዓት ጠብቃ እኔ ያልጠየቅሁትን ጠየቀችው። ያ ሰው ዛሬ በሕይወት አለ፤ ታሪኩንም የማወራው እሱ ራሱ ፈቅዶልኝ ነው።

የዛሬው ንግግሬ በሙሉ እኔ በዚያ በር ላይ ባደረግሁትና እሷ በማግስቱ ባደረገችው መካከል ስላለው ልዩነት ነው። እሷም እንደ እኔው መምህር ነበረች፤ ከእኔ የበለጠ የተማረችው ነገር አልነበረም።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 727,000 ያህል ሰዎች ራሳቸውን አጥፍተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 ዓመት በሆኑ ወጣቶች ዘንድም ይህ ሦስተኛው ዋነኛ የሞት ምክንያት ነው። ሞክረው የተረፉት ከሞቱት እጅግ ይበዛሉ። በአብዛኞቹ አገሮች በዚህ መንገድ የሚሞቱት ወንዶች ከሴቶች ይበልጣሉ፤ ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ወንድ ልጅ የከፋውን ነገር ለሰው እንዳይናገር ተደርጎ ማደጉ ነው። ቁጥሩን ከዚህ በላይ አልገፋበትም፤ ምክንያቱም ቁጥር ሲበዛ ጉዳዩ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ ይመስለናል።

እ.ኤ.አ. በ1949 ኤድዊን ሽናይድማን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በሎስ አንጀለስ የአስከሬን ምርመራ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች ጽፈዋቸው የሄዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ማስታወሻዎች አገኙ። እነዚህን ወረቀቶች ከባልደረባቸው ከኖርማን ፋርበሮው ጋር ማጥናት ጀመሩ፤ በ1958ም በዚያው ከተማ ራስን ማጥፋትን የሚከላከል ማዕከል አቋቋሙ። ሽናይድማን ከረጅም ዘመን ሥራ በኋላ የደረሱበት ነገር ሁልጊዜ አብሮኝ ይኖራል። እንደ እሳቸው አመለካከት ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው የሚሸሸው ሊሸከመው ያልቻለውን የውስጥ ሕመም ነው፤ ሞት የሚታየውም የዚያ ሕመም ማብቂያ መስሎ ነው። ስለዚህም እንዲህ ያለውን ሰው የትኛው ቦታ ላይ እንደሚያመውና ምን ሊያደርጉለት እንደሚችሉ መጠየቅ የሕክምናው መነሻ እንደሆነ ያምኑ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ታማሚው የደበቀው የሚጠይቀው ሰው ስላጣ መሆኑን አናስተውልም።

ወደ ምልክቶቹ ስንመጣ በመጀመሪያ አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። ማንም ሰው፣ እኛ ባለሙያዎቹም ጭምር፣ ማን መቼ ራሱን እንደሚያጠፋ አስቀድሞ በእርግጠኝነት መተንበይ አይችልም። ምልክት የምንላቸው ነገሮች የሚያገለግሉን እንድንጠይቅ ነው። እንደ ፍርድ ከወሰድናቸው ወይ ያለ ምክንያት እንሸበራለን፣ ወይም ደግሞ ምልክቱ ሙሉ እስኪሆን ስንጠብቅ ጊዜው ያልፋል።

ከሁሉም ግልጽ የሆነው ምልክት ንግግር ነው። በዚህ ረገድ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የተለየ ችግር አለብን፤ ሞትን በየቀኑ ንግግራችን ውስጥ እንደልባችን እናስገባዋለን። «እኔ ልሙት» ብለን እንምላለን፣ «ሞቼልህ» ብለን እንወዳለን፣ ስንቸኩል «ሞቼ ነው» እንላለን። ከዚህ ሁሉ መካከል የእውነቱን ሞት የሚያወራውን ሰው ድምፅ ለይቶ መስማት ጆሮን ማሠልጠን ይጠይቃል። እኔ በሥራዬ ደጋግሜ የሰማኋቸው አባባሎች እምብዛም «እሞታለሁ» የሚሉ አይደሉም። «በቃኝ» የሚል አለ። «ከእንግዲህ ማንንም አላስቸግርም» የሚል አለ። «እኔ ባልኖር ሁሉም ያርፍ ነበር»፣ «ተኝቼ በዚያው በቀረሁ»፣ «ከእኔ በኋላ ልጆቹን አደራ» የሚሉ አሉ። ከነዚህ ውስጥ ጆሮዬ ፈጽሞ ሊያልፈው የማይችለው ለሰው ሸክም ሆኛለሁ የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ሰውየው የራሱን መሞት ለሚወዳቸው ሰዎች እንደሚሰጠው ስጦታ ማየት ጀምሯል ማለት ነው። እንዲህ የሚያስብ ሰው ፍቅር የሌለው ጨካኝ ተደርጎ ሲወቀስ ስሰማ በጣም አዝናለሁ፤ ፍቅሩ አለ፣ የተበላሸው ሒሳቡ ነው።

ሌላው ምልክት የጠባይ ለውጥ ነው። እንቅልፍ ያጣ ወይም ከአልጋ የማይነሳ፣ ሲወደው የኖረው ነገር ሁሉ የሰለቸው፣ ስልክ የማያነሳ፣ ከሰው የሚሸሽ፣ መጠጥ ያበዛ፣ ያለ ልማዱ በትንሽ ነገር የሚቆጣ፣ የሚቁነጠነጥና አንድ ቦታ መቀመጥ ያቃተው ሰው ካያችሁ ልብ በሉ። ከነዚህ ይልቅ አስቸኳይ የሆኑት ግን የመሰናበት ምልክቶች ናቸው፤ የሚወደውን ዕቃ ለሰው ማደል፣ ዕዳን መዝጋት፣ ሳይጠየቅ ይቅርታ መጠየቅ፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ ድንገት ደውሎ «ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» ማለት፣ ራስን የሚጎዱበትን ነገር መፈለግ። ያ የተለጠፈ መዝገበ ቃላት ለእኔ እንዲህ ያለ መልእክት ነበር፤ አላነበብኩትም።

ቤተሰብን ብዙ ጊዜ የሚያታልል አንድ ምልክት ደግሞ አለ። ለሳምንታት ፊቱ ጠቁሮ፣ ምግብ ዘግቶት የነበረ ሰው አንድ ቀን ያለ ምንም ምክንያት ሲረጋጋ፣ ፊቱ ሲፈታ፣ እንዲያውም ፈገግ ሲል እፎይ እንላለን። በእርግጥ ድኖ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ግን መረጋጋቱ የመጣው ከውስጡ ጋር መታገሉን አቁሞ ስለወሰነ ነው። ያለ ሕክምናና ያለ ኑሮ ለውጥ ድንገት የመጣ ሰላም የሚጠየቅበት ሰላም ነው።

አጋላጭ ሁኔታዎችም አሉ፤ ድባቴ፣ ባይፖላርና ስኪዞፍሬኒያን የመሳሰሉ የአእምሮ ሕመሞች፣ የአልኮልና የሌላ ሱስ፣ የማያቋርጥ የአካል ሕመም፣ የቅርብ ሰው ሞት፣ ፍቺ፣ ከሥራ መባረር፣ ዕዳ፣ ጥቃት፣ ውርደት። ከሁሉም ከባዱ ግን ከዚህ በፊት መሞከር ነው። አንድ ጊዜ የሞከረን ሰው «ሊያስፈራራን ነው እንጂ የምር ቢሆን ኖሮ…» እያሉ ማናናቅ በዚህ ጉዳይ ከሰማኋቸው ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው። «የሚናገር አያደርገውም» የሚለውም አባባል ሐሰት ነው፤ ራሳቸውን ካጠፉት ሰዎች ብዙዎቹ አስቀድመው ለአንድ ሰው በሆነ መልክ ፍንጭ ሰጥተው ነበር።

አሁን ወደ ንግግሬ እምብርት ደረስኩ። በር ላይ የቆመውን ሰው እንዳልጠይቅ ያገደኝ ፍርሃት ምን ነበር? ብጠይቀው ያላሰበውን ነገር በልቡ እጨምርበታለሁ የሚል ነው። ይህ ፍርሃት በወላጆች፣ በመምህራን፣ በጓደኛሞች፣ እውነቱን ለመናገር በብዙ የጤና ባለሙያዎችም ዘንድ አለ። ይህንኑ ለመመርመር በማደሊን ጉልድ የሚመሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት በኒውዮርክ በሚገኙ ስድስት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 2,342 ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን ራስን ስለማጥፋት ሐሳብ ጠየቋቸው፣ ግማሾቹን ሳይጠይቁ አለፏቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ሲያዩ የተጠየቁት ካልተጠየቁት ይልቅ አልተጨነቁም፤ ሐሳቡም አልጨመረባቸውም። እንዲያውም ድባቴ የነበረባቸው ወይም ከዚህ በፊት የሞከሩት ተማሪዎች መጠየቃቸው ቀለል ያደረጋቸው ይመስላል። ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶችም በጥቅሉ ይህንኑ ያጠናክራሉ። ሐሳቡ የሌለበትን ሰው ጥያቄው ያስደነግጠው ይሆናል እንጂ አይጎዳውም፤ ያለበትን ሰው ግን ለብቻው ተሸክሞት ከነበረው ምሥጢር ጋር ከመተናነቅ ያወጣዋል።

እንዴት እንጠይቅ? ብቻችሁን የምትሆኑበትን ቦታ ምረጡ፤ የምትቸኩሉበት ሰዓት አይሁን፤ ስልካችሁን አስቀምጡ። መጀመሪያ ያያችሁትን ተናገሩ። «ሰሞኑን እንቅልፍ እንዳጣህ አይቻለሁ፣ ዕቃህንም ለሰው እየሰጠህ ነው፣ ትናንት ደግሞ በቃኝ አልክ። እንዲህ የከፋው ሰው አንዳንድ ጊዜ ራሱን ስለማጥፋት ያስባል። አንተስ ራስህን ስለማጥፋት እያሰብክ ነው?» በሉት። ቃሉን ጥሩት። «ራስህን የመጉዳት ነገር» ወይም «እንትን» እያላችሁ አትሸፋፍኑት፤ ስትሸፋፍኑት እሱም ለመስማት ዝግጁ አለመሆናችሁን ያውቃል። ለታላቅም ቢሆን ከአክብሮቱ ጋር ያው ነው፤ «አባባ፣ ራስዎን ለማጥፋት እያሰቡ ነው?» ማለት ነውር የለበትም። አዛውንት ሲያለቅሱና «ምነው በወሰደኝ» ሲሉ የዕድሜ ነገር ነው ብለን የምናልፈው ስሕተት መሆኑን እግረ መንገዴን ላንሳ፤ በብዙ አገሮች ራስን የማጥፋት ምጣኔ ከፍ የሚለው በአረጋውያን ላይ ነውና።

አንድ የአጠያየቅ ስሕተት ግን በጣም የተለመደ በመሆኑ ለይቼ ማንሳት እፈልጋለሁ። «እንደዚያ ዓይነት ነገር አታስብም አይደል?» እንላለን። በዚህ አጠያየቅ መልሱን ለራሳችን ሰጥተን እናበቃለን፤ ሰውየውም እኛን ለማሳረፍ ብቻ «አይ፣ ምን በወጣኝ» ይለናል። በአሉታ የተጠየቀ ጥያቄ የጠያቂውን ፍርሃት ለተጠያቂው ማሸከም ነው።

«አዎ» ብሎ ቢመልስላችሁስ? እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንደነግጠው። ስትደነግጡ መልስ ለመስጠት አትጣደፉ። «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፤ አጠገብህ ነኝ፤ እስኪ ንገረኝ» ብላችሁ ዝም በሉና ስሙ። ዝምታው ይረዝማል፤ እንዲረዝም ፍቀዱለት። እ.ኤ.አ. በ1953 ቻድ ቫራ የተባሉ የለንደን ቄስ ራሳቸውን ለማጥፋት የሚያስቡ ሰዎች የሚደውሉበት ስልክ ከፍተው ነበር። ለዚህ ያነሳሳቸው በወጣትነታቸው፣ በ1935፣ የቀበሯት አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ናት፤ ልጅቱ የወር አበባዋ ሲመጣ አሳፋሪ በሽታ የያዛት መስሏት፣ የምትጠይቀው ሰው አጥታ ራሷን ያጠፋች ነበረች። ሰዎች ወደ ቄሱ ሲጎርፉ ተራቸው እስኪደርስ የሚያጫውቷቸው በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ውሎ አድሮ ግን አንድ ያልተጠበቀ ነገር ታየ፤ ብዙዎቹ ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር ሲያወሩ ቆይተው ቄሱን ማግኘት ሳያስፈልጋቸው ይሄዱ ነበር። ቄሱም በ1954 ሥራውን ለነዚሁ አድማጮች አስረከቡ፤ ዛሬ ሳማሪታንስ የሚባለው ድርጅት የተወለደው እንዲህ ነው። ይህን ታሪክ የማወራው በሙያ የሚሰጥ ሕክምና አያስፈልግም ለማለት አይደለም፤ በጣም ያስፈልጋል። ወደ ሕክምናው የሚያደርሰው በር ግን ብዙ ጊዜ አንድ የሚሰማ ተራ ሰው መሆኑን ለማሳየት ነው።

ከልባችን አስበን የምንናገራቸው፣ ነገር ግን የተከፈተውን በር መልሰው የሚዘጉ ንግግሮች አሉ። «ከአንተ የባሰ ስንት አለ» ስንለው ሕመሙን ከሰው ሕመም ጋር አወዳድረን እንዲያፍርበት እናደርገዋለን። «ልጆችሽን አታስቢም?» ስንላት፣ እያሰበቻቸው መሆኑን፣ ያለ እሷ ይሻላቸዋል እስከ ማለት የደረሰችውም ስለምታስባቸው መሆኑን አናውቅም። «ኃጢአት ነው» የሚለውም ምናልባት አንዱን ያቆመው ይሆናል፤ ብዙውን ግን ሁለተኛ እንዳይናገር ያደርገዋል። እምነት ለብዙ ሰው ትልቅ መጽናኛ ነው፤ ሰውየው ራሱ ካነሳው አብራችሁት ጸልዩ፣ እንደ ክስ ግን አታንሱበት። «አይዞህ» ጥሩ ቃል ነው፤ ቦታው ግን መጨረሻው ላይ ነው። ሰውየው ሳይናገር ከተባለ «በቃ ዝም በል» ከማለት አይለይም።

ከሰማችሁ በኋላ መጠየቅ ያለባችሁ ሌሎች ጥቂት ነገሮች አሉ። እንዴት ለማድረግ እንዳሰበ፣ መቼ እንደሆነ፣ ያሰበበትን ነገር በእጁ ይዞት እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ሞክሮ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት። ሐሳብ ብቻ ያለው ሰውና መንገዱን፣ ቀኑንና ዕቃውን ያዘጋጀ ሰው እኩል አይታዩም፤ ሁለተኛው ድንገተኛ ታካሚ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ለደቂቃም ቢሆን ብቻውን አትተዉት፤ በአካባቢያችሁ ወዳለው የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ፣ ወይም የድንገተኛ እርዳታ ስልክ ደውሉ። «ነገ እንሄዳለን» አይባልም።

ነገ የማይባልበት ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ የኦስትሪያ ጥናት ሞክረው የተረፉ 82 ሰዎችን ጠይቆ ነበር፤ በዚያ ዕለት ሐሳቡ ከመጣባቸው እስከ ሙከራው ድረስ ያለፈው ጊዜ 10 ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች እንደነበር የተናገሩት ግማሽ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው ነበሩ። አስቡት፤ ከባዱ ማዕበል የሚቆየው አጭር ጊዜ ነው፤ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ግን ሰውየው የሚጎዳበት ነገር አጠገቡ ካለ ሁሉም ነገር ያበቃል። ከሌለ ደግሞ ማዕበሉ ብዙ ጊዜ ያልፋል። «አንድ ጊዜ የቆረጠ ሰው ዛሬ ብትከለክለው ነገ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል» የሚሉ አሉ። ሪቻርድ ሳይደን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህንኑ ለማጣራት ራሳቸውን ሊያጠፉ ሲሉ በሰው እጅ የተያዙ 515 ሰዎችን ታሪክ ለብዙ ዓመታት ወደ ኋላ ተከታትለው በ1978 ውጤቱን አሳተሙ። ከ100 ሰው 94 ያህሉ ወይ በሕይወት ነበሩ፣ ወይም በተፈጥሮ ሞት ሞተዋል። ስሪ ላንካም በጣም መርዛማ የሆኑ የግብርና ኬሚካሎችን ከገበያ ካስወጣች በኋላ ከ1995 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ራስን የማጥፋት ምጣኔዋ በ70 በመቶ ቀንሷል። የሰዎቹ ኀዘን በአዋጅ አልቀነሰም፤ በጨለማዋ ሰዓት እጃቸው የሚደርስበት ነገር ግን ተለወጠ። ስለዚህ በቤት ውስጥ ያለ አደገኛ ነገር ሁሉ፣ መሣሪያም ይሁን መድኃኒት ወይም መርዝ፣ ከቤት ይውጣ ወይም በሌላ ሰው እጅ ተቆልፎ ይቀመጥ። ይህን ስታደርጉ ተደብቃችሁ አታድርጉት፤ «እስኪሻልህ ድረስ እኔ ጋ ይቆይ» ብላችሁ በግልጽ ንገሩት። አብዛኛው ሰው እሺ ይላል፤ አንዳንዱም እስኪወሰድለት ሲጠብቅ የቆየ ነው።

ምናልባት «ለማንም አትንገሪብኝ» ብሎ ያስምላችሁ ይሆናል። አትማሉ። እንዲህ ዓይነቱን ምሥጢር ሆድ ይፍጀው ማለት ሰውየውንም እናንተንም ይጎዳል። «ሕይወትህን የሚያተርፍ ሰው ካስፈለገ እነግራለሁ፤ ለማን እንደምንነግር ግን አብረን እንምረጥ» በሉት። ቢቆጣችሁ እንኳ ቁጣው ይበርዳል፤ ተቀይሞም በሕይወት ካለ ወዳጅ ጋር ለመታረቅ ጊዜ አለ።

ሕክምና ሲጀምር ሥራው አላለቀም። ባርባራ ስታንሊና ግሪጎሪ ብራውን የተባሉ ባለሙያዎች ያዘጋጁትና ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት የደኅንነት ዕቅድ የሚባል ወረቀት አለ፤ ሰውየው ደህና በሆነበት ሰዓት ከባለሙያ ወይም ከሚያምነው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ በራሱ ቃላት ይጽፈዋል። ማዕበሉ መምጣቱን በምን እንደሚያውቅ፣ ብቻውን ሆኖ ምን ቢያደርግ እንደሚቀለው፣ ወደ የትኛው ሰው ወይም ቦታ ቢሄድ ሐሳቡ እንደሚበተን፣ ለማን «ዛሬ ከፍቶኛል» ብሎ መንገር እንደሚችል፣ ወደ የትኛው ባለሙያ እንደሚደውል፣ ቤቱንም እንዴት ከአደጋ እንደሚያጸዳ በቅደም ተከተል ይሰፍርበታል። አንዲት ወጣት ይህን ወረቀት በአራት አጥፋ ከስልኳ ሽፋን ጀርባ ስትይዘው አይቻለሁ፤ ጠርዙ ተበልቶ፣ ከላብ የተነሳ ቀለሙ ደብዝዞ ነበር። የደበዘዘው ብዙ ጊዜ ስለተከፈተ ነው። ሐሳብ በሚጨልምበት ሰዓት አእምሮ አዲስ መንገድ መፈለግ አይችልም፤ የተጻፈን መንገድ ግን መከተል ይችላል።

ከሁሉም በላይ የምንሳነፍበት ጊዜ ሰውየው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያለው ነው። «ዳነ፣ ወጣ» ብለን ወደየጉዳያችን እንበተናለን፤ ከአእምሮ ሕክምና ክፍል ከወጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን አደጋው ከፍ የሚልባቸው ናቸው። ጀሮም ሞቶ የተባሉ የሳን ፍራንሲስኮ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ቀላል የሚመስል ነገር ሞክረው ነበር። ከሆስፒታል ወጥተው ቀጣዩን ሕክምና አንፈልግም ካሉ 843 ሰዎች ግማሽ ለሚሆኑት በየጊዜው አጭር ደብዳቤ እንዲላክላቸው አደረጉ። ደብዳቤው ምክር የለውም፣ ቀጠሮ የለውም፣ «ለምን አልመጣህም» አይልም፤ ከተለያየን ቆየን፣ ደህና እንደሆንክ ተስፋ እናደርጋለን፣ ልትጽፍልን ከወደድክ ደስ ይለናል የሚል ብቻ ነበር። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደብዳቤ ከደረሳቸው ሰዎች መካከል ራሳቸውን ያጠፉት ካልደረሳቸው ያነሱ ሆነው ተገኙ። መልስ የማይጠይቅ መልእክት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ሁለት አጫጭር ነገሮች ላክል። በዚህ አዳራሽ በዚህ መንገድ ሰው የሞተባችሁ ልትኖሩ ትችላላችሁ፤ ምልክቶቹን ስዘረዝር እያንዳንዱ ቃሌ «አይተህ ነበር እኮ» እያለ የወጋችሁ ሊመስላችሁ ይችላል። ምልክት ወደ ኋላ ሲያዩት ጥርት ብሎ ይታያል፤ ወደ ፊት ሲሄዱ ግን ከሺህ ተራ ነገሮች ጋር ተደባልቆ ነው የሚመጣው። ያላያችሁት ስላልወደዳችሁ አይደለም። ኀዘናችሁንም፣ ሰው ስለ አሟሟቱ ቢጠይቃችሁ እንኳ፣ ሳታፍሩ ልታዝኑት ይገባል፤ ለናንተም የሚሰማ ሰው ያስፈልጋችኋል።

ደግሞም ራሱን ስለማጥፋት እያሰበ እዚህ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ ለአንተ ወይም ለአንቺ የምለው አለኝ። ስንወጣ በሩ አጠገብ እቆያለሁ። ወደ እኔ መምጣት ከከበደ ዛሬ ከመተኛትህ በፊት ለአንድ ሰው፣ ከፍቶኛል፣ ራሴን ስለማጥፋት እያሰብኩ ነው በለው፤ የመረጥከው ሰው ደንግጦ ጥሩ መልስ ባይሰጥህ ለሁለተኛው ሰው ንገር። ያ የመጀመሪያው ሰው እኔ በዚያ ምሽት በር ላይ እንደነበርኩት ዓይነት ሰው ሊሆን ይችላል፤ በእሱ ምክንያት ሁለተኛውን አትተው።

ስለዚያ ባልደረባዬ አንድ ነገር ይቀረኛል። ከዓመታት በኋላ፣ እኔም ሙያዬን ከለወጥኩ በኋላ፣ በዚያን ቀን ስትጠይቀው ምን እንደተሰማው ጠየቅሁት። ሐፍረት ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «እንቅልፍ መጣብኝ» አለኝ። «ለሦስት ሳምንት ያልመጣ እንቅልፍ፣ እዚያው ወንበር ላይ። ‹ራስህን ልታጠፋ እያሰብክ ነው?› አለችኝ፣ አዎ አልኳት፣ ከዚያ በኋላ ዓይኔን መክፈት አቃተኝ።» እሷ አልቀሰቀሰችውም። የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜዋን ሌላ መምህር እንዲይዝላት ልካ፣ ወንበሯን ወደ በሩ አዙራ፣ ማንም እንዳይገባ እየጠበቀች የተማሪዎቿን ደብተር ስታርም ቆየች። ሲነቃ አብራው ወደ ሐኪም ሄደች። እስከ ዛሬም ድረስ፣ ሁለቱም ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ፣ ሐሙስ ሐሙስ በስልኩ ላይ አንድ አጭር መልእክት ይገባል፤ ብዙ ጊዜ «አለሁ፤ አለህ?» የሚል ብቻ ነው። እሱም «አለሁ» ብሎ ይመልሳል።

አመሰግናለሁ።